ሃያ አራተኛው ወታደር

ይህን አንብቦ «ፈጥሮ ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ ማንንም የማሳመን አቅም የለኝም። መታወቂያዬን አውጥቼ «ይኸው እኔ ነኝ» ልላችሁ እንኳ አልችልም...

ለምን እንደማልችል ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ግን ሆኗል። የሆነውም በእኔ በክላይቭ ሃድሊ ላይ ነው።

የኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ማንስፊልድ ከተማ፣ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ያለው አዳራሽ። ጨለማ የለም፣ ነጎድጓድ የለም። አምፖሎቹ ሁሉ በርተዋል፣ ሻይ ፈልቷል፣ አሥራ አንድ ሽማግሌዎች አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ከበን ቆመናል።

ጠረጴዛው ላይ ጦርነት አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰባሰበው ለዚህ ነው። የጣት ግማሽ የምታህል የብረት ወታደር እንገዛለን፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ብሩሽ እንቀባታለን፣ ከዚያ የጥንቱን ጦርነት በሚወረወር ዳይስና በሜትር መለኪያ እንደገና እንዋጋለን። ሚስቶቻችን «የሽማግሌ አሻንጉሊት» ይሉታል። ለአንድ ወታደር ቀበቶ ሦስት ቀን አጎንብሶ ያላወቀ ሰው ምንም ቢል አልፈርድበትም።

በክበባችን አንድ የማይፈርስ ሕግ አለ። ያልተቀባ ወታደር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ራቁት ብረት ይዞ የመጣ ሰው ብረቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ ልማድም አለን። ከመሃላችን ሰው ሲሞት መጨረሻ የቀባውን ጦር አውጥተን አንድ ጨዋታ እንጫወትለታለን።

ያን ቅዳሜ የምንጫወተው ለኖርማን ትራንተር ነበር። ከተቀበረ ሦስት ሳምንቱ ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ... ኖርማንን እጠላው ነበር።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ሲያበሽቀኝ ኖሯል። እኔ ኮት አሳምሬ እቀባለሁ፣ ቁልፍ እቀባለሁ፣ የፈረስ ልጓም እቀባለሁ። ፊት ላይ ስደርስ ግን እጄ ይከዳኛል። ኖርማን ይህን ያውቃል። ሰው ሲሞላ ጠብቆ ማጉያ መነጽሩን ያወጣና...

«ክላይቭ፣ እነዚህ ልጆችህ ምን ሆነው ነው? የተቀቀለ እንቁላል መሰሉኮ!»

አዳራሹ ይስቃል። እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ።

አንድ ቀን «እንዴት ነው ፊት የምትቀባው?» ብዬ ኩራቴን ውጬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«አንተ ሰው አታይማ» አለኝ። «አተኩረህ ያላየኸውን ፊት በምን ትቀባዋለህ?»

ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁትም።

በሃያ ዓመት ውስጥ የነካሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ልቡ ቆሞ ሲወድቅ፣ አምቡላንስ እስኪደርስ ደረቱን የተጫንኩት እኔ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ የወሰድኩት ሥልጠና ነው እንጂ ፍቅር አይደለም። ከሆስፒታል ሲወጣም «አመሰግናለሁ» አላለኝም።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ።

የክበቡ ጸሐፊ ትሬቨር የኖርማንን የእንጨት ሣጥን ከፈተ። ሃያ አራት ወታደሮች። ትሬቨር እየተጣደፈ እንደመጣለት ደረደራቸው። ኖርማን ቢኖር ይጮህበት ነበር፤ እሱ ከየወታደሩ መቆሚያ ሥር ቁጥር ይጽፋል፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቆም።

ጎንበስ ብለን አየን...

ፊቶቹ የእኛ ነበሩ።

«እንዴ... ትሬቨር! ይሄ አንተ ነህ! አፍንጫህ!»

«ዱንካን፣ ያቺ አገጭህ እኮ ናት!»

ክበባችን ከተመሠረተ ጀምሮ የነበርን ሃያ አራት ሰዎች፣ የሞቱትም ያለነውም። የእህል ፍሬ በምታህል ፊት ላይ ሰውየው ሁላችንንም አስቀምጦናል። ራሱን ቁስለኛ አድርጎ፣ በጀርባው ወድቆ፣ አንድ እጁን ዘርግቶ ቀብቷል። ትሬቨር ያን ቁስለኛ ከጠረጴዛው ጥግ አስተኝቶት ነበር። ሽማግሌው ሁሉ ዓይኑን መጠራረግ ጀመረ።

እኔ ራሴን ፈለግሁ።

ሁሉም ወደ ጠላት ዞረው ቆመዋል። አንዱ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጣል። ጠመንጃውን ጥሏል። አፉን ከፍቷል። ግራ ቅንድቡ ላይ እንደ እኔ ጠባሳ አለች፣ ጺሙ እንደ እኔ ሸብቷል...

ፈሪው እኔ ነኝ።

ዱንካን ቀድሞ አየው። ይህ ሰው ደግሞ አፉ አያርፍም።

«ክላይቭ፣ ወዴት ነው? አውቶቡስ አመለጠህ እንዴ?»

ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። ትሬቨር እንኳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ሰውዬው ሞቶም፣ ተቀብሮም፣ ከማዶ ቆሞ እያሳቀብኝ ነው!

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ያዥ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ ሃያ ሦስቱን ቆለፍኩባቸው። የሚሮጠውን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

መንገድ ላይ ኪሴ ውስጥ ሞቀኝ። ከእጄ ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት ማንም አልነበረም። ሚስቴ ሞሪን እህቷን ልትጠይቅ ስኬግነስ ከተማ ሄዳለች፣ የምትመለሰው ሐሙስ ነው። ስለ ሞሪን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ አመለኛ ሰው ነኝ፣ አልክድም። ወንድሜ አያናግረኝም፣ ጎረቤቶቼ ሰላምታዬን አይፈልጉትም። በዚህች ዓለም ከነአመሌ ችላ የኖረች እሷ ብቻ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት። ሌላው ሁሉ ቢቀርብኝ ግድ የለኝም፣ እሷ ካለችኝ ሰው ነኝ።

እሑድ ጠዋት ጓሮ ወዳለችው ዕቃ ቤቴ ገባሁና ወታደሩን ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ጣልኩት። ቀለም ማስለቀቂያውን ሞላሁበት። አውጥቼ እንደገና እቀባዋለሁ፣ የተቀቀለ እንቁላልም ይምሰል፣ ከፈሪው ክላይቭ ይሻላል አልኩ።

ሰኞ በአራት ሰዓት አወጣሁትና የቧንቧው ገንዳ ውስጥ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለቀው የኮቱ ቀለም ነው። ኮቱ አልነቃነቅም አለ። ጫማው አልነቃነቅም አለ።

ፊቱ ብቻ... እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ ሙሉውን ወጣ። ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ለአንድ አፍታ አየኝ። ጠባሳዋ እንኳ አልተቀደደችም።

ከዚያ ወደ ቱቦው ቀዳዳ ገባ።

በዚያው ቅጽበት ጉንጬን በላኝ። አከክሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ አልከፈትም አለኝ። ወደ ፊቴ አስጠግቼ ያዝኩት... «ፊትዎን መለየት አልተቻለም»። ጠራረግሁት። «ፊትዎን መለየት አልተቻለም»። በቁጥር ከፈትኩት።

ውሻችን ሩፈስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እግሬ ላይ ሲተኛ የኖረ ነው። ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጥርሱን አሳየኝ።

«ምን ሆንክ አንተ?»

ድምፄን ሲሰማ ጆሮውን አቆመ፣ ጭራውን ወዘወዘ። ቀና ብሎ አየኝ። ጭራው ቆመ...

ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቷ ገና በር ላይ ስታየኝ «የተለመደውን?» የምትል ሴት ናት።

«ምን ልስጥዎት ጌታዬ?» አለችኝ።

«የተለመደውን ነዋ።»

«የተለመደው ምንድን ነው?»

እየቀለደች አልነበረም። ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞረው አዩኝ፣ አንዱም ሰላም አላለኝም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ዱንካን ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ዱንካን።»

ቀና አለ። አየኝ። ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ አንገቱን አሾለከ፣ እንደገና አየኝ።

«ይቅርታ... እንተዋወቃለን?»

«ተው አትቀልድ።»

«ሰውዬ፣ ዘወር በልልኝ።» ተነሥቶ ዝናቡ ውስጥ ቆመ።

አሁን ገባኝ አልኩ! ወታደሩ መጥፋቱን ደርሰውበታል። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ተማክረው አድመውብኛል። እዚህ አገር ሰውን ሲቀጡ አይደበድቡትም፣ እንደሌለ ይቆጥሩታል እንጂ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቅጣት ነው። እልሁ አነቀኝ።

«በሉ እንግዲህ!» ብዬ ጮህኩ መንገድ ላይ። «ለአንድ አሻንጉሊት ብላችሁ!»

ሰዉ መንገድ ቀይሮ አለፈኝ።

ለሞሪን ደወልኩ። «እንዴት ነህ የኔ ሰው? ሐሙስ በስድስት ሰዓት ተኩሉ ባቡር ነኝ፣ ጣቢያ ትቀበለኛለህ አይደል?» አለች። ድምፄን ስታውቀው ልቤ ተመለሰ። እሷ መጥታ ታስታርቀኛለች ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ መስታወት ፊት ቆምኩ። ታጠብኩ። ዘወር ብዬ ፎጣውን አነሣሁ...

ምን እንዳየሁ ማስታወስ አልቻልኩም።

ተመለስኩ። ዓይን አለ፣ አፍንጫ አለ፣ አፍ አለ። ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ዘወር አልኩ። ጠፋ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። መንገድ ላይ አይተኸው ወዲያው የምትረሳው ሰው ፊት ነበር።

ጠባሳዬን በእጄ ፈለግሁ። ቅንድቤ ለስላሳ ነው።

ሳሎን ሮጥኩ። የሠርጋችን ፎቶ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። ሞሪን አበባዋን ይዛ ትስቃለች። አጠገቧ የእኔ ሱፍ፣ የእኔ ክራባት፣ የእኔ ፀጉር...

ከፀጉሩ ሥር እስከ ክራባቱ ድረስ ግራጫ ነው። ለስላሳ። የሚያብለጨልጭ።

ራቁት ብረት።

ቁጭ አልኩ። «ነገ» ነበር ያልኩት ድምፄን አውጥቼ። ነገ ሞሪን ትመጣለች!

ያን ቀን ሙሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ዋልኩ። ወታደሩን ሦስት ጊዜ ቀባሁት፣ ሦስት ጊዜ ጠረግሁት። ከምን አይቼ ልቀባ? ፎቶዎቹ ሁሉ ግራጫ ናቸው። መስታወቱ አይረዳኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ላስታውስ ሞከርኩ። ስድሳ ሦስት ዓመት ተሸክሜው የኖርኩትን ፊት... አላውቀውም። ኖርማን እውነቱን ነበር። እኔ ሰው አላይም፣ ራሴንም ጭምር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንደኔ ነው። የአንድ ከሰዓት ሳቅ ልፍቅ ብዬ ፊቴን ፋቅሁ።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ተኩል ጣቢያ ቆሜ ነበር።

እሷ ታውቀኛለች እያልኩ ነው የሄድኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራኝ የተኛች ሴት በአረማመዴም፣ በኮቴም፣ በእጄም ታውቀኛለች። እሷ ራሷ የሠራችልኝን አረንጓዴ ሹራብ ለብሻለሁ።

ባቡሩ ቆመ። ሞሪን ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። ፈገግ ብላ ሰዉን ታያለች። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ...

አለፈኝ።

አጠገቤ መጥታ ቆመች። አንገቷን እያሰገገች ወደ በሩ ታያለች። ሽቶዋ ሸተተኝ። መንገደኛው ሁሉ ሄዶ አለቀና እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለችኝ። «ረዘም ያለ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው አላዩም? ባሌ ነው። ቀርቶብኝ አያውቅም።»

«ሞሪን» አልኩ በቀስታ። «እኔ ነኝ።»

ፊቷ ላይ መጀመሪያ ደስታ መጣ። ድምፄን ነዋ የሰማችው! ዞረች... አየችኝ... ደስታው እዚያው በረደ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ዓይኗ ሹራቡ ላይ ወረደ።

«ያ ሹራብ የክላይቭ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ክላይቭ ነኝ። የኔ ሆድ፣ እይኝ...»

«የባሌን ድምፅ ከየት አመጣኸው?»

«ሞሪን...»

«ምን አደረግከው? ባሌን ምን አደረግከው?»

ከዚያ ጮኸች። በሕይወቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። የጣቢያው ሠራተኞች ሲሮጡ መጡ። እኔም ሮጥኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አፌን ከፍቼ ሮጥኩ።

ዕቃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት፣ ኮቴን ሹራቡ ላይ ቆለፍኩ። ፖሊስ እስኪያናግራት፣ ቤት እስኪያደርሳት ቢበዛ አንድ ሰዓት አለኝ። መብራቱን አበራሁ፣ ማጉያ መነጽሩን አደረግሁ፣ ቀጭኑን ብሩሽ አነሣሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል። እያለቀስኩ ነበር፣ አላፍርበትም።

«ማንም አይሁን፣ ፊት ብቻ ይሁን» አልኩ። «ራቁት ብረት ብቻ አይሁን።»

ብሩሹ ሲነካው እጄ ቀጥ አለ።

ጥላውን ከጉንጩ ሥር አስቀመጥኩ። ልክ ሆነ። አፍንጫውን አንድ ጊዜ ጫር አደረግሁ። ልክ ሆነ። በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቀብቼ አላውቅም! ሳላስብ፣ ሳላርም፣ በአንድ ትንፋሽ። የማውቀው ፊት ነው። የት እንደሚጨማደድ፣ ሲያሾፍ የትኛው ከንፈሩ እንደሚነሣ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ዓይኑን መጨረሻ ላይ ነጥብ አደረግሁለት።

ከዚያ አየሁት።

ኖርማን ነበር።

ሃያ ዓመት ከማዶ በጥላቻ አፍጥጬ ያየሁት ፊት። በዚህች ዓለም አተኩሬ ያየሁት አንድ ፊት ይኸው ነው። ከሞሪን እንኳ አስበልጬ...

ጨርቁን አነሣሁ። ልጠርገው ነበር። በሩ ተከፈተ።

ሞሪን ናት። ዓይኗ አብጧል፣ በእጇ የምድጃ መቆስቆሻ ይዛለች። አየችኝ። እጇ ወረደ።

«ኖርማን?» አለች። «እዚህ ምን ትሠራለህ? ክላይቭን አየኸው?»

ልክ ነው ያነበባችሁት። አልደነገጠችም። ከሦስት ሳምንት በፊት በኖርማን ቀብር ላይ ክንዴን ይዛ ያለቀሰች ሴት፣ ኖርማንን ዕቃ ቤቷ ውስጥ አግኝታ «ምን ትሠራለህ?» ብቻ አለችው።

አፌን ከፈትኩ... መልሼ ገጠምኩት። ድምፄ ያው የክላይቭ ድምፅ ነው። «የባሌን ድምፅ የሰረቀ ሰው» እያለች ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታ መምጣቷ ነው። ብናገር ያ ጩኸት ይመለሳል። ወታደሩን ኪሴ ከተትኩና አላየሁም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«ይኸው ባልሽ እኔ ዕቃ ቤት ፈዞ ተቀምጧል፣ ነይና ውሰጂው» ብላ ቤሪል ጋ ደወለች። ቤሪል የኖርማን ሚስት ናት። ጥቁር ልብሷን ከለበሰች ሦስት ሳምንት የሆናት ሴት በቢጫ የዝናብ ካፖርት መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

በመንገዳችን የኖርማንን መቃብር አየሁት፣ አፈሩ ገና እንደተቆለለ ነው። ድንጋይ እስኪቆም የሚተከለው እንጨት አለ። ስሙ ተጽፎበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው።

ቤሪል ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀምጣኝ ሻይ ሰጠችኝ። ሁለት ስኳር አድርጋበታለች። እኔ ስኳር አልወስድም።

«አመሰግናለሁ» አልኩ፣ ሳላስበው አመለጠኝ።

«ጉንፋን ይዞሃል፣ ድምፅህ ሌላ ሆኗል» አለችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገች። «ለመሆኑ ክላይቭ አየው?»

ሻዩን ፉት አልኩ።

«ወታደሩን ነው የምልህ። ሁለት ዓመት የለፋህበትን! ትሬቨር ቁጥሩን አይቶ ደረደረው ወይስ እንደልማዱ አዘበራረቀው? ሃያ ሦስት አንተ ወድቀህ፣ ሃያ አራት እሱ እየሮጠ ሲመጣልህ። ጎን ለጎን ካልሆኑማ ትርጉም የለውም።»

ኩባያውን አስቀመጥኩት።

«‹አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ ሲያየኝ ጠመንጃውን ጥሎ የሮጠልኝ ያ አመለኛ ብቻ ነው› አላልከኝም? ‹አመሰግናለሁ ልለው አፌ እምቢ አለኝ፣ በብሩሽ እለዋለሁ› ብለህ?» ሳቀች። «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ። ታዲያ ምን አለ ሲያየው?»

ወታደሩን ከኪሴ አወጣሁና ገለበጥኩት። ከመቆሚያው ሥር፣ በኖርማን ጥቃቅን ጽሕፈት...

24።

እየሮጠ የነበረው ከጦርነቱ ሽሽት አልነበረም። ወደ ወደቀው ሰው ነበር።

የዚያኑ ቀን ቀለም ማስለቀቂያ ገዝቼ ነከርኩት። ዓርብ ሙሉ ፈተግሁት፣ በመርፌ ጫርኩት። ኖርማን የቀባው ፊት እንደ ስልባቦት ለቆ ነበር። እኔ የቀባሁት አይለቅም። በሕይወቴ የቀባሁት የመጀመሪያው ጥሩ ፊት ነው፣ አይለቅም!

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቤሪል ኮቴን አልብሳ ወደ ክበቡ ላከችኝ። ከውስጥ የዱንካን ድምፅ ይሰማል። «ኖርማን! ናልን እንጂ! ክላይቭ ወታደር ሰርቆ ጠፋ፣ ሰማህ?» ይስቃሉ።

በሩ ላይ ሞሪን ቆማለች። ዝናብ መትቷታል፣ ከስታለች። በእጇ ወረቀትና ፕላስተር ይዛለች።

«ኖርማን፣ እባክህ ጫፉን ያዝልኝ» አለች። «ነፋሱ አስቸገረኝ።»

ያዝኩላት። ጣቷ ጣቴን ነካው። እሷ አላስተዋለችም።

ወረቀቱ ላይ «የጠፋ ሰው» ይላል። ከሥሩ ስሜ አለ፣ ዕድሜዬ አለ፣ የቤታችን ስልክ አለ። መሃሉ ላይ ፎቶ። አረንጓዴው ሹራብ፣ የሸበተው ፀጉሬ... ከፀጉሩ ሥር እስከ አንገቱ ለስላሳ ግራጫ ብረት። የበሩ መብራት ያብለጨልጭበታል።

ሞሪን በአውራ ጣቷ ዝናቡን ከብረቱ ላይ ቀስ አድርጋ ጠረገች።

«እስኪ እየው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሲስቅ ነው ያነሣሁት።»